ዶዘሩ ትቶት የሄደው መንገድ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልን። ስለ ወሎ ተራሮች በሚወጡ የጉብኝት ጽሑፎች ውስጥ አንድ ምክር ተደጋግሞ ይታያል፤ «ዳገቱ ቢያስፈራም ድሮ ለሥራ የተጠረገ መንገድ አለ፣ እሱን ይዞ መውጣት ይቀላል» የሚል። እኛ እንግዳ እየመራን ከገደል ገደል የምንውል ሰዎች ነን፤ ምክሩ ሰው ያስጎዳል ብለን ስለምናምን ነው ይህን የምንጽፈው። ተጠርጎ የተተወ የሥራ መንገድ ከበቅሎ መንገድ ሰፋ፣ ዳገቱም ቀለል ያለ ይመስላል። ግን በየክረምቱ እየባሰበት ነው የሚሄደው። ለምን እንደሆነና መሄድ ግድ ከሆነም እንዴት እንደሚኬድ አንባቢ እንዲያውቀው ቦታ ስጡን።

የሥራ መንገድ ስንል ብዙ ዓይነቱን ነው። ለድንጋይ ካባ የተጠረገ አለ፤ ለአንቴና ማማ ዕቃ ማውጫ የተቆረጠ አለ፤ አስፋልቱ በሌላ በኩል ሲቀና ተንጠልጥሎ የቀረ የጣሊያን ጊዜ ኩርባ አለ፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በየተራራው ጥግ የከፈተው መዳረሻ አለ፤ በጀት አልቆበት መሐል ገደል ላይ የቆመ ጥርጊያም አለ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ጠባቂ የሌላቸው መሆኑ ነው። ቦያቸውን የሚጠርግ፣ የወረደ ድንጋይ የሚያነሳ የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል እየተሰነጠቀ፣ ጎን ለጎን እንደተደረደረ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። በሁለት ጥቁር ንብርብሮች መካከል ደግሞ ለስላሳ አመድ ወይም ሸክላ የመሰለ ቀይ አፈር ይተኛል። ገደላችን ከሩቅ ሲታይ ደረጃ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ጠንካራው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስላሳው ዘንበል ብሎ እርከን ይሠራል። ዶዘር የሚመርጠው እርከኑን ነው፤ ለስላሳውን መቁረጥ ነዳጅም ድማሚትም ይቆጥባል። ይሁንና ያ ለስላሳ ንብርብር ከላዩ ለቆመው ገደል እግሩ ነው። እግሩ ሲቆረጥ ምሰሶው ባዶ ላይ ይንጠለጠላል። የዝናብ ውሃም በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ወርዶ ለስላሳው ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ወደ ጎን ይወጣል፤ ብዙ ምንጮቻችን የሚፈልቁት እዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው። እንግዲህ የሥራ መንገዱ የተቀደደው ውሃ በሚወጣበትና ድንጋይ በሚንጠለጠልበት በዚያው መስመር ላይ ነው ማለት ነው።

የአባቶች መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። አምባ ላይ የሚወጣ የቆየ መንገድ ገደሉ ራሱ የተሰበረበትን ቦታ ፈልጎ፣ በተፈጥሮ በር ነው የሚገባው። ግሸን ማርያም የሚወጣ ምእመን፣ መቅደላ የወጣም ሰው ይህን ያውቀዋል። በሩ ላይ ዳገቱ ጉልበት ይሰብራል፣ እጅም ያስነካል፤ ነገር ግን የሚረገጠው ብዙ ትውልድ የረገጠው ድንጋይ ነው። መኪና ያንን ዳገት ስለማይችለው መሐንዲሱ ከበሩ ይሸሽና ገደሉን ወገቡ ላይ ይቀደዋል። የእንግዳ ዓይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ዳገት የሚያደክም ነው እንጂ የሚገድል አይደለም፤ የሚገድለው የሚከዳ መሬት ነው።

በእጅ የተሠራ ሁሉ ጥሩ ነው ለማለትም አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ እያስቆፈሩ ነበር። መንገዱ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝን ጦር ጭምር አሳልፏል። ያን ያህል ሸክም የቻለ መንገድ እንኳ ጠባቂ ሲያጣ እንደማንኛውም ቁልቁለት ውሃ ይበላዋል። ሰው የሠራው የገደል መንገድ የሚኖረው እስከተጠበቀ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። የሥራ መንገድ ግማሹ የተቆረጠ፣ ግማሹ የተሞላ ነው። በተራራው በኩል ያለው ተቆርጦ የወጣበት ጠንካራ መሬት ሲሆን፣ በገደሉ በኩል ያለው ዶዘሩ ገፍቶ ያፈሰሰው ልቅ አፈርና ድንጋይ ነው። ሙሌቱ በደንብ ካልተረገጠ፣ ሊቆም በሚችልበት የመጨረሻ ዘንበላ ላይ ነው ያለው፤ ከ35 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ተጨማሪ ክብደት ወይም ውሃ ሲያገኝ ይሄዳል። አራት ሜትር ስፋት ያለው ጥርጊያ ላይ የምናምነው ወደ ተራራው ያለውን ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ከገደል ላይ እንደመዝለል ነው የሚቆጠረው፤ ጫፉ ከታች ታጥቦ ከላይ ሣር ብቻ የያዘው ሊሆን ይችላል።

ወደ ተራራው መጠጋት ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው፤ ድንጋይ የሚወርደው በዚያ በኩል ነው። ሁልጊዜ የሚሠራ አንድ መልስ የለም፣ ግድግዳውን አንብቦ መወሰን ነው። ምሰሶዎቹ ወደ ተራራው ጋደል ብለው ከቆሙና እግራቸው ጠንካራ ከሆነ ግድግዳውን ታክኮ መሄድ ይሻላል። ወደ መንገዱ ካዘነበሉ ወይም ከሥራቸው ቀዩ አፈር ተቦርቡሮ ጥላ ከሠራ፣ ከዚያ ሥር አይቆሙም፣ አይቀመጡም፣ ውሃም አይጠጡም። በመሐል መስመር አንድ በአንድ ይታለፋል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ከአደጋው ውጭ ቆሞ ዓይኑን ከላይ አይነቅልም፤ ድንጋይ ሲነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድንጋይ!» ይላል። የሚያልፈው ቀና ብሎ ለማየት አይሞክርም፤ ጭንቅላቱን ሸፍኖ ወደ ግድግዳው ይለጠፋል።

ምልክቶቹን ማወቅ ይቻላል። ገደሉ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ጠባሳ ካለ፣ ከዚያ በቅርቡ ድንጋይ ወጥቷል ማለት ነው። መንገዱ ላይ የተኛው ድንጋይ ሹል፣ የድንጋይ ሽበት ያልበቀለበት፣ ከሥሩ ያለው ሣርም ገና ቢጫ ያልሆነ ከሆነ የወረደው በቀናት ውስጥ ነው። የጽድ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ ከተቃና መሬቱ ቀስ እያለ ሲሄድ ኖሯል። ከጫፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ከስንጥቁ ወዲያ ያለው ሁሉ የገደሉ እንጂ የመንገዱ አይደለም።

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት ግን ፋንድያና እበት ነው። የአካባቢው ሰው በቅሎና በሬ የሚነዳበት መንገድ ቢያንስ ይህን ወር ይይዛል። በጠጥ ብቻ ካዩ ግን የምታልፍበት ፍየል ብቻ ናት፤ ፍየል ያለፈችበት ለሰው ማስረጃ አይሆንም። የከብት ዱካ አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከመንገዱ ተገንጥሎ ወደ ዳገት ከወጣ ዱካውን ተከተሉ፤ ከፊት ያለውን የሚያውቅ ሰው ነው ከብቱን ያዞረው። እረኛ ወይም አዛውንት ሲያገኙም «መንገዱ ያሳልፋል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅም። እንግዳ ላለማሳዘን «አዎ፣ ያሳልፋል» ይባላል። «አባቴ፣ ክረምት ውሃው በየት በኩል ይወርዳል? ከብትስ ያለፈበት መቼ ነው?» ሲባል ግን ሙሉው ታሪክ ይወጣል።

ውሃ ስንል፣ የሥራ መንገድን የሚገድለው መጀመሪያ እሱ ነው። መንገዱ ሲሠራ በተራራው በኩል ቦይ ነበረው፣ በየተወሰነ ርቀትም ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ። በመጀመሪያው ክረምት የቱቦው አፍ በቅጠልና በጠጠር ይደፈናል። ውሃው ቦዩን ሞልቶ መንገዱን መሐል ለመሐል ይወርድና ሙሌቱን ይሰነጥቀዋል፤ ወይም በቱቦው ጎን ሰርጎ ከሥር ዋሻ ይሠራል። ይህ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራን፤ ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ባዶ ነውና። ቱቦ ያለበት ቦታ ሲደርሱ በዱላ ጫፍ ከፊት መደብደብ ያስፈልጋል። ጠንካራ መሬት ዱላውን መልሶ ያነጥራል፣ ድምፁም አጭር ነው። ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ካስተጋባ፣ በላዩ ከመሄድ ወደ ላይ ዞሮ ማለፍ፣ ካልሆነም መመለስ ነው።

የቀሩት የግንባታ ዕቃዎች ሌላ ወጥመድ ናቸው። ደረቅ ካብ ሆዱ ወደ ውጭ ከተነፋ ከኋላው ውሃ ወይም አፈር እየገፋው ነው። ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) አንዱ ሽቦው ሲበጠስ ወዲያው አይፈርስም፤ ድንጋይ በድንጋይ እየተፋ ከውስጥ ይጎድላል፣ በላዩ ሲረገጥ ነው ሁሉም አብሮ የሚሄደው። ግድግዳ ላይ ተተክሎ የቀረ ፌሮ እጅ ይጠራል፣ ማንም ጨበጥ ማድረጉ አይቀርም። ብረት ሲዝግ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የያዘውን ስሚንቶ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መታየት ያለበት የፌሮው ውፍረት አይደለም፣ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያው ነው። ቡናማ የዝገት እንባ ቁልቁል ከወረደ ወይም ስሚንቶው ቀለበት ሠርቶ ከተሰነጠቀ አይነካም። ደህና የመሰለውም ቢሆን የሚያዘው ሥሩ ላይ፣ ግድግዳው ጋ ነው፤ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ መያዝ በ10 ሳንቲ ሜትር ከመያዝ ሁለት እጥፍ ይነቅለዋል። ለሠራተኛ መራመጃ የተጋደመ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አይረገጥም፤ ቆላው በኩል ምስጥ፣ ደጋው በኩል እርጥበት ውስጡን ጨርሶት ቅርፊቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የብረት ገመድ ተወጥሮ ካገኛችሁም አንዲት የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ እንኳ ካለችው ክብደት አትጣሉበት።

ድንጋይ በድማሚት የተፈለጠበት ቦታ በግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ የመሰርሰሪያ ቀዳዳ ግማሽ አካል ይቀራል። አንዳንድ ቀዳዳ ሳይፈነዳ የቀረ ሊሆን ይችላል። ከቀዳዳ የወጣ ባለቀለም ቀጭን ሽቦ ካያችሁ አትጎትቱ፣ ድንጋይም አትቀጥቅጡበት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ብዙ ቦታ ስላለፈ አፋፍና ጫፍ ላይ ምሽግ ተቆፍሮ ቀርቷል። ምሽግ ውስጥ አይገባም፣ ዝገት የበላው ቁርጥራጭ አይነሳም፤ ልጆች ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠነቀቁ። ለመውጣት የታሰበበትን ቦታ ለቀበሌው ማሳወቅና የዕለቱን ጸጥታ መጠየቅም ከስንቅ እኩል የጉዞው ክፍል ነው።

ጊዜው መቼ ነው? ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ የሥራ መንገድ ላይ ሰው ባይኖር ደስ ይለናል። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ውስጥ ከዝናብ በኋላ ቢያንስ ሁለት ፀሐያማ ቀን መጠበቅ ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። እሱም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ከ3,500 ሜትር በላይ፣ ለምሳሌ አቡነ ዮሴፍ ወይም አምባ ፈሪት አካባቢ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ መጠኑ በዘጠኝ በመቶ ገደማ ይጨምርና ድንጋዩን ፈልቅቆ ይይዘዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው በረዶው ይለቃል፣ ድንጋዩም ይለቃል። ወደ አፋር የሚያየው የወሎ ገደል ፊቱ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ቀድማ የምታገኘው እሱን ነው። ስለዚህ በ11 ሰዓት ሌሊት በባትሪ ተነስቶ፣ ፊቱ ምሥራቅ የሆነውን ግድግዳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ጨርሶ ማለፍ ይገባል። መመለሻውም ቢሆን ግድግዳው ዳግም ጥላ ከወደቀበት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ደመና ከጫነ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል፤ ቶሎ መውረድ ነው።

መብረቅ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ይቆጠር። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከአፋፍ መውረድ ነው። ከአንቴና ማማ፣ ከተተወ የብረት ገመድና ከፌሮ መራቅ ያስፈልጋል። ከዋሻ አፍ ላይ መጠለልም አይረዳም፤ እንዲያውም ያጋልጣል።

የሰዓት ስሌት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀላል ሸክም የያዘ ጤነኛ ሰው ጥሩ መንገድ ላይ በሰዓት 300 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ከ3,500 ሜትር በላይ ወደ 200 ይወርዳል። በፈረሰ የሥራ መንገድ ላይ እየቆመ፣ እየደበደበ፣ አንድ በአንድ እየተሻገረ ሲሄድ ከዚህም ያንሳል። 600 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ሳይሆን አራት ይያዝለት፤ ለመውረዱም እንዲሁ። መውረድ ይፈጥናል የሚለው ለሜዳ ሰው ነው። ያም ሆነ ይህ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጫፍ ያልደረሰ ቡድን ካለበት ይመለስ። 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ የተሰነጠቀ ጫፍ በባትሪ መብራት አይለይም።

ጠመዝማዛ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ቡድኑ ተንጠባጥቦ መሄዱ ነው። የፊተኛው በላይኛው ኩርባ፣ የኋላኛው በታችኛው ኩርባ ሲሆኑ፣ ከፊተኛው እግር የተነሳች እንቁላል የምታህል ጠጠር የኋላኛው ራስ ላይ ነው የምታርፈው። ወይ ተጠጋግቶ አብሮ መዞር፣ ወይ ታችኛው ቡድን ላይኛው እስኪያልፍ ከመስመሩ ውጭ መቆም ነው። ጭላዳ መንጋ ከላይ ሲሰማራ ካያችሁም እንደዚሁ ታገሱ፤ ሣር ሲነቅሉና ሲሯሯጡ ድንጋይ ያንከባልላሉ። በአንድ ቡድን ከስድስት ሰው በላይ ባይሆን ጥሩ ነው።

ዱላችንም ጠባብ ቦታ ላይ ጠላት ይሆናል። ወሎዬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ መሄድ ይወዳል። ጠባብ ገደል ላይ የዱላው ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ሰውየውን ወደ ገደሉ ይገፋዋል። ዱላ በእጅ፣ በተራራው በኩል ይያዝ። ከጀርባ የሚሰፋ ሻንጣም ያው ነው፤ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለ ፍራሽ ወይም ጀሪካን ግድግዳ ይመታል። ጋቢ ሲቀመጡ ያሞቃል፣ ገደል ላይ ግን ነፋስ ይሞላበታል፤ ሲረጥብም ይከብዳል። ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይግባና ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ይለበስ። በየ1,000 ሜትሩ ቅዝቃዜው በስድስት ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር አይረሳ። ኮንጎ ጫማ እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ነው፤ በረባሶ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ነው። የተጫነ በቅሎ ከፊት ከመጣ ሰው የሚቆመው በተራራው በኩል ነው፤ በገደሉ በኩል የቆመ ሰው በጭነቱ ይገፋል። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ ከእሱ ጋር በሶና ቆሎ በቂ ነው።

ስለ ገመድ ረዘም አድርገን እንናገር፤ በስህተት የሚደረገው ብዙ ነውና። ሰዎች «ለጥንቃቄ» ወገብ ለወገብ ይተሳሰራሉ። ከድንጋይ ጋር ያልታሰረ ገመድ ሰውን ከሰው ጋር ብቻ ያስራል፤ አንዱ ሲንሸራተት ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። እንዲህ ከመተሳሰር ያለ ገመድ አንድ በአንድ ማለፍ ይሻላል። ገመድ የሚጠቅመው ሁለቱ ጫፎቹ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ታስረው፣ ተሻጋሪው የወገብና የጭን ቀበቶ አድርጎ ሲያልፍበት ነው። ምሰሶ ድንጋይ ላይ ከመታሰሩ በፊት በሌላ ድንጋይ ይመታ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ከተራራው ጋር አንድ ነው፣ ደፈን ያለ ድምፅ ካወጣ ተነጥሎ የቆመ ነው። ማሰሪያው ሁልጊዜ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢነቀል ሌላው እንዲይዝ። ሁለቱን ማሰሪያዎች የሚያገናኘው ገመድ የሚሠራው ማዕዘን ከ60 ዲግሪ አይብለጥ። 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ ማሰሪያ ሸክሙን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ይሸከማል። ገመዱ በሹል ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ጨርቅ ወይም ከረጢት ይነጠፍለት። ቋጠሮው ስምንት ቁጥር ቢሆን፣ የተረፈው ጫፍም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይሁን።

የገበያው ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ለአህያ ጭነት ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ በፍትጊያም ቶሎ ይቀልጣል፤ አጥብቆ ሲታጠፍ ዱቄት ከበተነ አልቋል። ለተራራ ተብሎ የሚሠራው ገመድ ሰው ሲወድቅ ተለጥጦ ኃይሉን ይውጠዋል። የማይለጠጥ አጭር ማሰሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ከማሰሪያው በላይ መውጣት አይገባም፤ 60 ሳንቲ ሜትር እንኳ ወርዶ በድንገት መያዝ ወገብ ይሰብራል ወይም ማሰሪያውን ይበጥሳል። ሄልሜት ያለ አገጭ ማሰሪያ ሰው ገና ሲንገዳገድ ይወድቃል፤ የግንባታ ቆብ ያለው ሰው ማሰሪያ ያሰፋለት።

ከፍታውም ሌላ ጉዳይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች የደሴ ልጅ የለመደ ይመስለዋል፤ አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ይበልጣል። ከቆላ መጥቶ በዚያው ቀን መውጣት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንደ ሰካራም መንገዳገድ ያመጣል። የሚንገዳገድ ሰው ደግሞ በፈረሰ ጥርጊያ ላይ መሄድ የለበትም። መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በዚያው ሰዓት፤ ብቻውን ግን አይላክም።

ሰው ቢጎዳ ማን ያወጣዋል? አምቡላንስ ቢጠራ መኪና እስከሚደርስበት ብቻ ነው የሚመጣው። ከዚያ በላይ ያለው የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያወርደውም እሱ ነው። ለአንድ ቃሬዛ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚቀያየሩ ቢያንስ 12 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ቃሬዛ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካላሳለፈ አያልፍም፤ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ የፈረሰ ጥርጊያ ላይ ተሸካሚው ራሱ ገደል ይገባል። ሌሎች አባወራዎችን ለአደጋ የሚዳርግ ቦታ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አስቡት። ወደ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት ስማቸውን፣ መስመራቸውንና የመመለሻ ሰዓታቸውን ከታች ላለ ሰው ይተዉ። ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም፣ አፋፍ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ከተጎጂው ጋር አንድ ሰው ቀርቶ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ይላኩ እንጂ አንድ ብቻውን አይሩጥ።

ሥራውን ጨርሶ ወይም አቋርጦ ለሚሄድ አካልም የምንለው አለን። መንገዱን ትቶ መሄድና ዘግቶ መሄድ ይለያያሉ፤ መዝጋቱ የአንድ ኤክስካቫተር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የሚደፈኑ ቱቦዎች ይነሱና በቦታቸው ሰፊ ክፍት ቦይ ይቆረጥ። ቁልቁለቱ ላይ በየ25 ወይም 30 ሜትሩ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ፣ ውሃን ድንጋይ ወዳለበት የሚያወጣ ቦይ ይሠራ። ጫፍ ላይ የተከመረው ልቅ ሙሌት ወደ ውስጥ ይጎተትና የተቆረጠው ግድግዳ እግር ላይ ይደገፍ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፣ ለተንጠለጠለው ምሰሶ የተወሰደበትን እግር መልሶ ይሰጠዋልና። የወጣ ፌሮ ከሥሩ ይቆረጥ። መግቢያው በእሾህ አጥር ሳይሆን በአንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ጉድጓድና በትልልቅ ቋጥኝ ይዘጋ፤ እሾህ ለማገዶ ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ይጠቀምበት የነበረ የእግር መንገድ በሥራው ተቆርጦ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይጠገን፤ ካልተጠገነ ገበያተኛው የተዘጋውን መክፈቱ አይቀርም።

ለናንተ ለአዘጋጆቹ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። የተራራ መንገድ ስታስተዋውቁ ጸሐፊው አራት ነገር እንዲጨምር ጠይቁት፤ መጨረሻ የሄደበትን ወርና ዓመት፣ የጠባቡን ቦታ ስፋት በሜትር፣ ለመመለስ የሚወሰንበትን ቦታና ሰዓት፣ መንገዱ የበቅሎ ይሁን የዶዘር።

ከአክብሮት ጋር
የተራራ መንገድ መሪዎች፣ ከደሴ